ለኪስ ሰንጢ የትኛው ስለት ይሻላል? ልሙጥ፣ ባለ ጥርስ ወይስ ቅይጥ

ሰንጢ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ በቢላም፣ በመቀስም፣ በምላጭም የቆረጣችሁትን ሁሉ ልብ በሉ፤ ቢቻል ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ከዚያ ዝርዝሩን ለሁለት ክፈሉት። ማንጎ መላጥ፣ እርሳስ መቅረጽ፣ የመፋቂያ ጫፍ ማስተካከል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላስቲክ መግፈፍ ስለቱን እየተጫኑ የሚሠሩ ናቸው። ገመድ፣ ሲባጎ፣ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የዕቃ ማሰሪያ ፕላስቲክ ደግሞ ስለቱን እየሳቡ ይቆረጣሉ። ከዝርዝሩ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በመሳብ የሚቆረጥ ካልሆነ ልሙጥ ስለት ግዙ። በኪስ ለሚያዝ የዕለት ሰንጢ የእኛ ምርጫ በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ምክንያቱን ወረድ ብለን እናስረዳለን።

ልሙጥ ስለት ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ ምንም ጥርስ የሌለው ነው። እንጨት ላይ ስትጫኑት ስስ ልጣጭ ያነሳል፤ የሚቆረጠውን ነገር አይቀድም፣ አይተለትልም። ቁርጥ የሚበላ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስል ልሙጥ ቢላ ሥጋውን አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርጉት ለስላሳ ገጽ ትቶ ያልፋል፤ ጥርስ ያለው ግን ጭረቱን እየጎተተ ይበጫጭቀዋል። ፈረንሣዊው ኦፒኔል እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ የሚሠራው የእንጨት እጀታ ሰንጢ፣ በተለይ 8.5 ሴንቲ ሜትር ብረት ያለው 8 ቁጥር፣ የሚታወቀው በልሙጥ ስለቱ ነው። የስዊዙ ቪክቶሪኖክስ 91 ሚሊ ሜትር ባለ ብዙ መሣሪያ ሰንጢዎችም ዋናው ብረታቸው እንዲሁ ልሙጥ ነው። ልሙጥ ስለት ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው፤ ማንም ሰው በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይስለዋል።

ባለ ጥርስ ስለት የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የዳቦ ቢላ ወይም ጥርስ ያለው ማጭድ ቀረብ አድርጋችሁ እዩ። የእጃችሁ ኃይል በሙሉ ስለቱ ላይ አይበተንም፤ በጥቂት የጥርስ ጫፎች ላይ ይሰበሰባል፤ እነሱ ገመዱን ነክሰው ይይዛሉ። በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ጎድጓዳ ደግሞ የተያዘውን ክር ይበጥሳል። ጎድጓዳው ከሳህን፣ ከድንጋይና ከአሸዋ ስለሚርቅ፣ ጫፎቹ ዶልዱመው እንኳ እሱ ለረጅም ጊዜ ስል ሆኖ ይቆያል። የአሜሪካው ስፓይደርኮ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህን ስለት በሚታጠፉ ሰንጢዎች ላይ ካስለመደ ወዲህ የጀልባና የነፍስ አድን ሠራተኞች ምርጫ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። የመኪና ቀበቶ የመሰለ ጥብቅ ሽመና በአንድ ስቦሽ ይቆርጣል። ሰንጢውን መኪና ውስጥ ለአደጋ ጊዜ የምታስቀምጡ ከሆነ ጥርስ ያለውንና ጫፉ ድፍን የሆነውን ምረጡ፤ ሹል ጫፍ በጭንቅ ሰዓት ከቀበቶው አልፎ ሰውየውን ይወጋል። ቀበቶውን ከገላ ሳብ አድርጋችሁ ወጥሩትና ስለቱን ሰያፍ ያዙት፤ የረገበ ቀበቶ ስለቱ ሥር እየተጣጠፈ ያስቸግራል።

ችግሩስ? አንደኛ፣ ባለ ጥርስ ስለት በመጫን አይቆርጥም። ብርቱካን ስትልጡበት ልጣጩን ከሥጋው ጋር ያነሳል፤ ነጠላ ወይም ጋቢ ላይ የተረፈ ክር ልቁረጥ ብትሉ ጥርሱ ሌላውንም ክር ይዞ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ጥርሶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞረዱት በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ሌላው ወገን ሜዳ ነው። ስለዚህ ወፈር ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የተደራረበ ካርቶን ስትቆርጡ ሰንጢው ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እጃችሁ ቢላውን የሳተ ይመስላችኋል እንጂ ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም። ሦስተኛው አሳሳሉ ነው፤ እሱን ለብቻው እንመለስበታለን።

ቅይጥ የሚባለው ከጫፉ በኩል ልሙጥ፣ ከእጀታው በኩል ባለ ጥርስ ነው። ሱቅ ውስጥ ሲታይ ሁለቱንም የያዘ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያነሳዋል። ረጅም ብረት ላይ ይሠራል። በኪስ ሰንጢ ላይ ግን ሒሳቡን አስሉት፤ 7 ሴንቲ ሜትር ብረት ላይ 3ቱን ጥርስ ከወሰደው ለልሙጡ የሚተርፈው 4 ነው፤ በ4 ሴንቲ ሜትር ማንጎ መላጥ ይከብዳል፣ በ3 ሴንቲ ሜትር ጥርስም ወፍራም ገመድ አይሳብም። ከዚያ የባሰው ቦታው ነው። እንጨት ስትቀርጹ እጃችሁ ብዙ ኃይል የሚያገኘው ከእጀታው አጠገብ ነው፤ ቅይጡ እዚያው ላይ ጥርስ ያስቀምጣል። ብረቱ ከ9 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቅይጥ አትግዙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ልሙጥ ስለት በማጉሊያ ሲታይ ልሙጥ አይደለም። በሻካራ ድንጋይ የተሳለ ከሆነ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ጥርሶች አሉት፤ ገመድና ሲባጎ የሚነክሱት እነሱ ናቸው። ብዙ ሰው «ልሙጥ ሰንጢ ገመድ አይቆርጥም» የሚለው ስለቱን እንደ መስታወት እስኪያበራ ድረስ በደቃቅ ድንጋይ ስለሚወለውለው ነው። የሚያበራ ስለት ለፍራፍሬና ለሥጋ ግሩም ነው፤ ገመድ ላይ ግን ይንሸራተታል። ስለዚህ ሥራችሁ የተቀላቀለ ከሆነ ልሙጥ ግዙና አሳሳሉን 400 ቁጥር ድንጋይ ላይ አቁሙት፤ ቢበዛ 600 (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ድንጋዩ ደቃቅ ነው)። ለሥጋና ለፍራፍሬ ብቻ ከሆነ 1000 ከዚያም 3000 ላይ ጨርሱት።

አሳሳሉ ይህን ይመስላል። የውሃ ድንጋይ ከሆነ 10 ደቂቃ ያህል ውሃ ውስጥ ይቆይ፣ ሥሩም እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍለት። ብረቱን ድንጋዩ ላይ አጋድሙትና ጀርባውን ከፍ አድርጉት። ወርዱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብረት ጀርባው ከድንጋዩ 7 ሚሊ ሜትር ሲነሳ፣ ማለትም እርሳስ ሥሩ ሲያልፍ፣ 20 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ለዕለት ሰንጢ ይህ ልኩ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ብታደርጉት ወደ 15 ዲግሪ ወርዶ የበለጠ ስል ይሆናል፤ ርካሽና ለስላሳ ብረት ግን በዚያ ቅጥነት ካርቶን እንደነካ ስለቱ ይታጠፋል። ከእጀታው ሥር ጀምራችሁ እስከ ጫፉ እየሳባችሁ አንዱን ወገን ሳሉ። መቼ እንደምታቆሙ የሚነግራችሁ ቁጥር ሳይሆን ጣታችሁ ነው፤ ከጀርባው ወደ ስለቱ አቅጣጫ አውራ ጣታችሁን በሌላው ወገን ስታሳልፉ ስስ የብረት እጥፋት ጣታችሁን መያዝ አለበት፤ ያውም በጠቅላላው ርዝመት። ጫፉ ላይ ካልተሰማችሁ ጫፉ ገና አልተሳለም። ከዚያ ሌላውን ወገን እንዲሁ አድርጉና በመጨረሻ እየቀለላችሁ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ስድስት ሰባት ጊዜ አሳልፉት። የቀረውን እጥፋት ለማንሳት የቆዳ ቀበቶ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጀርባውን እያስቀደማችሁ አምስት ጊዜ ሳቡት።

ስትጨርሱ አምፖል ሥር ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱ። የተሳለ ስለት መስመር አይታይበትም፤ ነጭ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካያችሁ እዚያ ዶልዱሟል ወይም ታጥፏል። ድንጋይ የሌለበት ቦታ ላይ ስለቱ ትንሽ ከደከመ የቡና ሲኒ ገልብጡ፤ ግርጌው ላይ ያለው ያልተለበጠ ሻካራ ክብ እንደ ደቃቅ ድንጋይ ያገለግላል፤ በየወገኑ አምስት ጊዜ ማሳለፍ ይበቃል።

ጥርሱን ለመሳል ጠፍጣፋ ድንጋይ አይረዳም፤ ጫፎቹን በልቶ ጎድጓዳውን ሳይነካ ያልፋል። ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚሾጥ የአልማዝ ዘንግ ያስፈልጋል። ካልተገኘ 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በምስማር ላይ ጠቅልሉ፤ ውፍረቱ ከጎድጓዳው ስፋት አይብለጥ፤ ከበለጠ የጥርሱን ጫፍ ያድበለብለዋል። በተሞረደው ወገን ብቻ፣ የፋብሪካውን ማዘንበያ፣ ማለትም ተሞርዶ ያዘነበለውን ገጽ፣ ተከትላችሁ እያንዳንዱን ጎድጓዳ አምስት ስድስት ጊዜ አሹት። እጥፋቱ በሜዳው ወገን ሲሰማችሁ ያንን ወገን ደቃቅ ድንጋይ ላይ ፈጽሞ ሳታነሱ ለጥ አድርጋችሁ አንዴ ወይም ሁለቴ አሳልፉት። ሜዳውን ወገን ማዘንበያ ብታወጡለት ጥርሶቹ እያጠሩ ይሄዳሉ። በሞተር ለሚስሉ ሰዎች ደግሞ ባለ ጥርስ ሰንጢ በፍጹም አትስጡ። ልሙጡንም ቢሆን ብረቱ ግሎ ወደ ሰማያዊ ከዞረ እዚያ ቦታ ላይ ጥንካሬው ሄዷልና ከዚያ ወዲያ ስለት አይዝም።

ድንጋይ ይዞ የመሳል ልማዱም ፍላጎቱም የሌለው ሰው «እንግዲያው ሳይሳል ብዙ የሚቆየው ባለ ጥርሱ ይሻለኛል» ሊል ይችላል። ለጭነት መኪና ረዳት፣ ለመጋዘን ሠራተኛ፣ ቀኑን ሙሉ ገመድና ከረጢት ለሚቆርጥ ሰው ልክ ነው። ሱቅ ስትገቡ ግን ጥርሱን ፈትሹ፤ ለጌጥ ብቻ የተወጋ ጥርስ ያላቸው ርካሽ ሰንጢዎች ብዙ ናቸው። ጎድጓዳውን ብርሃን ላይ አዙሩት፤ ከአንድ ወገን እስከ ዳር ድረስ ቀጥኖ የተሞረደ መሆን አለበት፤ ወለሉ ደልዳላና ወፍራም ከሆነ አይቆርጥም። ከኪሳችሁ ቁራጭ ሲባጎ አውጡ፣ አጥፋችሁ በአንድ እጅ ወጥራችሁ ያዙትና ጎድጓዳው ላይ አሳርፋችሁ ሳትጫኑ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳቡት። በመጀመሪያው ስቦሽ ክሮቹ መበጠስ ካልጀመሩ መልሱለት።