ሃሪኬኑ ስም ከወጣለት በኋላ አትደውሉልኝ

አሜሪካ፣ ቴክሳስ፣ ሂውስተን ውስጥ ኢንሹራንስ እሸጣለሁ። ብዙዎቹ ደንበኞቼ ሐበሾች ናቸው። የሃሪኬን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሳው ከባድ አውሎ ነፋስ፣ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ድረስ ነው። የኔ ስልክ የሚጨናነቀው ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ያ የሚሽከረከር ካርታ ሲመጣ ብቻ ነው።

ከደንበኞቼ ስህተት ሁሉ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ዛሬ ቢገዛ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ሃሪኬን ደግሞ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከገባ ደጃችን ለመድረስ ቀናት ይበቁታል። አንዴ አንዲት እናት ደውለው፣ "ልጄ፣ ባለፈው ወር ቀን አድርገህ ጻፍልኝ፣ ብሩን አሁኑኑ እልካለሁ" አሉኝ። "እማማ፣ አይቻልም" አልኳቸው። "አንተ እኮ የአገሬ ልጅ ነህ!" አሉኝ። ምን ላድርግ? ሲስተሙ አማርኛ አይሰማም። ቀኑን ወደኋላ መጻፍ ማጭበርበር ነው፣ ፈቃዴን ያስነጥቀኛል። ሳይጠብቁ የሚሸፈኑት በዋናነት ቤት ሲገዙ ወይም ብድር ሲያድሱ ከብድሩ ጋር አያይዘው የገዙ ናቸው። ስለዚህ በማርች፣ በኤፕሪል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደውሉ። ያኔ ግን ማን ሊደውል? ፋሲካ ነው፣ ሠርግ ነው፣ "ከበዓል በኋላ" ነው።

"የቤት ኢንሹራንስ አለኝ እኮ" የሚሉኝም አሉ። መደበኛ የቤት ኢንሹራንስ ለጎርፍ አይከፍልም። ነፋስ ጣሪያውን ገንጥሎ ዝናብ ከላይ ከገባ የቤቱን ውል እናያለን። እንደ ጋልቬስተን ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች ደግሞ ብዙ ጊዜ የነፋሱም ውል ለብቻው ነው። ውሃው ከመሬት ተነስቶ በበር ከገባ ግን ጎርፍ ነው፣ ሌላ ውል ይፈልጋል።

"ባንኩ ካላስገደደኝ ሰፈሬ ጎርፍ የለበትም ማለት ነው" ብሎ መተኛትም አለ። ባንክ የሚያስገድደው በዓመት ቢያንስ 1 በመቶ የመጥለቅለቅ ዕድል አለው ተብሎ በካርታ የተከለለውን ቤት ነው። 1 በመቶ ትንሽ ትመስላለች። በ30 ዓመት የቤት ብድር ውስጥ ግን 26 በመቶ ገደማ ትሆናለች። በ2017 ሃርቬይ የተባለው ሃሪኬን ሲመጣ ከካርታው ክልል ውጪ የነበሩ ስንትና ስንት ቤቶች ውሃ ገባባቸው። በምዕራብ ሂውስተን፣ አዲክስና ባርከር ግድቦች አካባቢ፣ ቤታቸው ግድቡ ሲሞላ ውሃ የሚተኛበት ቦታ ላይ እንደተሠራ ሳያውቁ የገዙ ነበሩ። በጀልባ ነው የወጡት።

ሌላው ስህተት ዕቃውን መርሳት ነው። በፌዴራሉ ውል የመኖሪያ ቤት ሕንፃ እስከ 250,000 ዶላር፣ ዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፈናል፤ ግን የሚገዙት ለየብቻ ነው። ዕቃውን ካላስገባችሁ ሶፋውም፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለው የሐበሻ ቀሚስም በራሳችሁ ነው። ለዕቃ የሚከፈለውም የእርጅናው ተቀንሶ ነው። ተከራይም ዕቃውን ብቻ ማስገባት ይችላል። የሆቴል ወጪ አይከፍልም። መኪናም እዚህ ውስጥ የለም፤ የመኪናችሁ ኢንሹራንስ "ኮምፕሪሄንሲቭ" የሚባለው፣ ከግጭት ውጪ ያለን እንደ ጎርፍ ያለ ጉዳት የሚሸፍነው ክፍል እንዳለው እዩ።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ጋራዥ ውስጥ አታስነሱ። በሩ ቢከፈትም አታስነሱ። በዚህ አልከራከርም።

የመጨረሻው ስህተት ከንጽሕና ፍቅር የሚመጣ ነው። ውሃው ገና ሳይጎድል ምንጣፉ ተጥሎ፣ ግድግዳው በበረኪና ታጥቦ ይጠብቃል። ጉዳቱን የሚገምተው አጀስተር ሲመጣ ምን ይይ? መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። ውሃው ግድግዳው ላይ የተወውን መስመር ከጎኑ ሜትር አስደግፋችሁ አንሱት። የፍሪጁን፣ የልብስ ማጠቢያውን ሲሪያል ቁጥር አንሱ። ከምንጣፉ ቁራጭ ቆርጣችሁ በላስቲክ አስቀምጡ። ከዚያ እርጥቡን ቶሎ አውጡ፣ ሻጋታ አይጠብቅም። የፈረማችሁበት የጉዳት ማረጋገጫ ቅጽ ደግሞ ጉዳቱ በደረሰ በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። አጀስተሩ ቅጹን በመሙላት ሊያግዛችሁ ይችላል፤ ቀኑ ቢያልፍ ግን ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።