የሚያፈስ ሳንባ ስንለካ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በሱሉልታ በኩል፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ይህን የምጽፈው በዚህ ሳምንት ብቻ አንዱን ስህተት ሦስት ጊዜ ስላየሁ ነው፤ ክብደት!

የሳንባን ውሃ የሚለካው መሣሪያ የሚሠራው እንዲህ ነው። ቀዝቃዛ ሳላይን (የጨው ውሃ) በአንገት ትልቁ ደም መልስ ይገባል፤ ጭን ሥር ያለው የደም ቅዳ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ቅዝቃዜው ሲያልፍ ያነባል። ከዚያ ተነሥቶ ከደም ሥር ውጭ ሳንባ ውስጥ ያለውን ውሃ ያሰላና ለኪሎ ያካፍላል። ከ10 ሚሊ ሊትር በኪሎ ካለፈ ሳንባው ውሃ አዝሏል።

ለየትኛው ኪሎ? እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ሰሞኑን የገቡ እናት ቁመታቸው 160 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደታቸው 85 ኪሎ ነው። የሳንባቸው ውሃ 600 ሚሊ ሊትር ነበር። ለ85 ሲካፈል 7 ገደማ ይመጣል፤ ሬዚደንቱም (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥነው ሐኪም) «ሳንባቸው ደህና ነው» ብሎ ሌላ ሊትር ፈሳሽ አዘዘ። ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አይወፍርም! የሳንባ ልክ የሚከተለው ቁመትንና ጾታን ነው። ስለዚህ የምናካፍለው ከቁመት ለሚሰላ ክብደት ነው፦ ለሴት 45.5 ሲደመር ከ152.4 በላይ ላለው እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 0.91፤ ለወንድ መነሻው 50 ነው። የእኒህ እናት 52.4 ይሆናል፤ 600 ለዚህ ሲካፈል ከ11 ያልፋል። ሊትሩን ያስቆምነው ግማሹ ከገባ በኋላ ነው።

የሚገርመው፣ ስክሪኑ ራሱ አስጠንቅቆ ነበር። የደም ሥር ማፍሰስን የሚያሳየው ቁጥር የሳንባ ውሃ ለሳንባ ደም ተካፍሎ የሚገኝ ስለሆነ ኪሎ አይነካውም። እሱ ከ3 አልፎ ውሃው «ደህና» ከሆነ መጀመሪያ ያስገባችሁትን ክብደት ተጠራጠሩ።

አስታማሚዎችን ኪሎ መጠየቅም ከንቱ ነው። አንድ አባት «ልጄ፣ ሰው እንደ በግ ይመዘናል እንዴ?» ብለውኛል። የልብስ ሰፊ ሜትር ግዙና ግድግዳ ላይ ስቀሉ፤ በሽተኛውን አቃንታችሁ ከአናት እስከ ተረከዝ ለኩ።

ሁለተኛው የራሴ ጥፋት ነው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሞቆ ነበር፤ እኔ ግን ሳላይኑን አውጥቼ ወጋሁ። ስክሪኑ 9፣ ቀጥሎ 15፣ ቀጥሎ 6 አለኝ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ስጮህ አንዲት ነርስ ሲሪንጁን ጉንጯ ላይ አስነክታ «ዶክተር፣ ይህ እኮ ለሕፃን መታጠቢያ ይሆናል» አለችኝ። ከ8 ዲግሪ በታች ይሁን፤ ከእጃችሁ ሙቀት እንዳይወስድ በፍጥነት ስጡት፤ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ።

የደም መልሱና የደም ቅዳው ካቴተሮች በአንድ ጭን ካሉ ቁጥሩን አትመኑ።

በሳንባ ደም ሥር ውስጥ ትልቅ የረጋ ደም ካለ ቅዝቃዜው ወደዚያ ክፍል ስለማይደርስ ውሃው ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል።

ካቴተር ሲያልቅብን (ብዙ ጊዜ ያልቃል) ወደ አልትራሳውንድ እንሄዳለን። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የኪጋሊ ማሻሻያም (ARDS የሚባለው ከባድ የሳንባ ጉዳት የሚለይበት መስፈርት ማሻሻያ) እንደኛ ላሉ ቦታዎች አልትራሳውንድንና የጣት ኦክስጅን መለኪያን ተቀብሏል። ጀማሪዎች ግን ከላይ ወደ ታች የሚወርዱትን ነጫጭ መስመሮች ባዩ ቁጥር «የደም ሥሩ እያፈሰ ነው» ይላሉ። መስመሮቹ የሚናገሩት ውሃ መኖሩን ነው፤ ቧንቧው ተበስቶ ይሁን ልብ ደክሞ ግፊት በዝቶበት አይናገሩም። መመርመሪያውን ሳታስቀምጡ ወደ ግራ ጡት ሥር አውርዱና ልብ እንዴት እንደሚጨመቅ እዩ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።