ጦስኝ ሻይ ስናፈላ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጦስኝ የደጋ ቁጥቋጦ ነው። በመንዝ፣ በሰሜን ተራሮችና በባሌ ከመሬት ሳይርቅ ተንጠፍጥፎ ይበቅላል፤ ሲያብብ ትንንሽ ሮዝ አበባ ያለብሰዋል። የአገራችን የራሷ ሀብት ነው። አፈላሉ ላይ ግን ብዙዎቻችን እናበላሸዋለን።

ትልቁ ስህተት ከሻይ ቅጠል ጋር አብሮ ማንተክተክ ነው። የሁለቱ ጠባይ ለየቅል ነው። የሻይ ቅጠል ታኒን አለው። ምላስን ያዝ የሚያደርገው እሱ ነው፤ ምራቃችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ አፋችን ይደርቃል። በፈላ ቁጥር ይበልጥ ይወጣል። የጦስኝ መዓዛ ደግሞ ታይሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ ቅባቶች ይመጣል፤ እነሱ ከእንፋሎት ጋር ይበራሉ። ቤቱ ሁሉ ጦስኝ ጦስኝ ከሸተተ መዓዛው ከስኒው አምልጧል ማለት ነው። የቀረው ምላስ የሚይዘው ታኒን ብቻ ነው።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ውሃው እንደፈላ ከእሳት አወርዳለሁ። የሻይ ቅጠሉን ሦስት ደቂቃ ነክሬ አጠልላለሁ። ከዚያ ጦስኙን ጨምሬ እከድናለሁ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ክዳኑን ስታነሱ ከሥሩ ጤዛ ታያላችሁ። እሱን ወደ ሻዩ መልሱት፤ መዓዛው እዚያ ላይ ነው።

ሌላው፣ ምግብ እንደተበላ መጠጣት ነው። ታኒን ከምስሩ፣ ከጎመኑና ከእንጀራው የምናገኘውን ብረት ይይዝና ሰውነታችን በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋል። ነፍሰ ጡር ወይም ደም ማነስ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ እባካችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይታችሁ አቅርቡለት።

«እየጎመዘዘም ቢሆን መድኃኒት ነው» የሚሉም አሉ። ሻዩ ስለጎመዘዘ የበለጠ አያድንም፣ ብዙ ፈልቷል እንጂ። በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሐኪም ያዘዘላቸውን የግፊት ኪኒን ትተው ጦስኝ የሚጠጡት ናቸው። ሻዩን ጠጡ፤ ኪኒኑን ግን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታቋርጡ።

ፀሐይ ላይ ማስጣትም መዓዛውን ይወስደዋል። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ከዚያ በደንብ በሚገጠም ጣሳ ወይም ብርጭቆ ዕቃ ይቀመጥ።

ስትገዙም እስሩን ገልብጣችሁ እዩት። ሥሩና አፈሩ አብሮ ከመጣ ከነሥሩ ተነቅሏል፤ እዚያ ቦታ ዳግም አያቆጠቁጥም። ከላይ የታጨደውን ጠይቁ።