ፓይተን ላይ ረጅም አስርዮሽ ማሳየት

ደብረ ብርሃን ላሉ የገብስ ነጋዴ በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የሠራሁት ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) 0.1 እና 0.2ን ሲደምር 0.30000000000000004 ያወጣል። ጋሼ መጨረሻ ላይ ያለችውን 4 አይተው «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አሉኝ።

ኮምፒውተሩ 0.1ን በሁለትዮሽ (በ0 እና በ1 ብቻ በሚጻፍ ቁጥር) በትክክል መያዝ አይችልም። አሃዝ ጨምሮ ማሳየትም አያዋጣም፤ ከነጥብ በኋላ 20 ቤት ሲጠየቅ 0.10000000000000000555 ይላል።

መፍትሄው ዴሲማል (decimal) የሚባለው የፓይተን ሞጁል (ዝግጁ የኮድ ጥቅል) ነው። ግን ቁጥሩን በጥቅስ ምልክት ውስጥ፣ እንደ ጽሑፍ መስጠት ያስፈልጋል። ያለ ጥቅስ ከገባ ቆሻሻው (ትርፍ አሃዞቹ) አብሮ ይገባል። ካልነካችሁት ስሌቱን በ28 አሃዝ ይሠራል፤ እኔ 50 አደረግኩት። 1 ለ7 ሲካፈል 142857 እየተደጋገመ ቁልጭ ብሎ ወጣ። (ለገብስ 50 አሃዝ ምን ይሠራል? ደስ ስላለኝ ነው።) ብሩን ግን በኳንታይዝ (quantize፣ የዴሲማል ማጠጋጊያ ትእዛዝ) ወደ ሁለት ቤት አጠጋጋሁት። በጣም ትንንሽ ቁጥሮች በኤክስፖነንት መልክ (እንደ 1E-7) ከመጡባችሁ የማሳያ ፎርማቱን ኤፍ (f) በሉት።