ከሞራ ገፈፋ በኋላ አስታማሚው ሊያደርገውና ሊጠብቀው የሚገባ

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት፣ ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህም አንድ ቤተሰብ ከዓይን ቀዶ ሕክምና ጋር የሚተዋወቀው አብዛኛውን ጊዜ በሞራ ገፈፋ፣ ማለትም የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ በመተካት፣ ነው። ገፈፋው ራሱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ዓይኑ የሚድንባቸው ቀጣዮቹ ሳምንታት ግን የሚያልፉት ቤት ውስጥ፣ በአስታማሚው እጅ ነው።

ከሆስፒታል ከመውጣትዎ በፊት ሐኪሙን በግልጽ ይጠይቁ፦ ሰው ሠራሽ ሌንሱ ገብቷል? በቀዶ ሕክምናው መሃል የተፈጠረ ነገር አለ? በሌሊት ችግር ቢመጣ የት እንሂድ? ሁለተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ለመጠየቅ ያፍራል፤ ነገር ግን ሌንሱ የሚያርፍበት ስስ ከረጢት በሠለጠነ እጅም ቢሆን አንዳንዴ ይቀደዳል። ሲቀደድ ከኋላ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ወደ ፊት ሊወጣ፣ ሌንሱም ለሌላ ጊዜ ሊቀጠር ይችላል። ይህ ከሆነ በካርዱ ላይ መጻፉን ያረጋግጡ፤ ክትትሉ ጠበቅ ማለት አለበትና።

የመጀመሪያው ቀን እይታ የመጨረሻው ውጤት አይደለም። እናቴ በማግስቱ ፋሻው ሲነሣላት፣ ነርሷ ጣቶቿን አውጥታ «ስንት ነው?» ብትላት መልስ ሳትሰጥ ወደ እኔ ዞራ «አንተ፣ ሸብተሃል እንዴ!» ነበር ያለችው። አጠገቧ የተኙት ሴትዮ ግን ጉም ብቻ ነበር የሚታያቸው፤ ሞራቸው በጣም የጠነከረ ስለነበር የዓይናቸው ግልጽ ሽፋን፣ ማለትም ኮርኒያው፣ በቀዶ ሕክምናው አብጦ ነበር። ጠብታቸውን ሳያቋርጡ ቆይተው በሁለተኛው ሳምንት ጉሙ ተገፎላቸዋል። አሸዋ የገባበት ያህል መቆርቆር፣ ጥቂት መቅላትና ብርሃን መፍራት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጠበቁ ናቸው።

ጠብታ ሲያደርጉ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ታካሚው ቀና ብሎ ወደ ጣሪያ ይመልከት፣ የታችኛውን ቆብ በጣት ዝቅ አድርገው በተፈጠረው ኪስ ውስጥ አንዲት ጠብታ ያንጠባጥቡ። የጠርሙሱ ጫፍ ሽፋሽፍት ከነካ የታካሚውን ጀርም ወደ መድኃኒቱ አስገቡ ማለት ነው። ሁለት ዓይነት ጠብታ ከታዘዘ በመካከላቸው 5 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ አለበለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል። እብጠት የሚቀንሰው የስቴሮይድ ጠብታ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ የሚቆም እንጂ «ተስማምቶኛል» ተብሎ ከመድኃኒት ቤት እየተገዛ የሚቀጥል አይደለም፤ ሲረዝም የዓይንን ግፊት ሊጨምርና ነርቩን ሊጎዳ ይችላል። ሌሊት ሌሊት የፕላስቲኩ መከለያ በፕላስተር ይታሰር፤ ሰው ተኝቶ ዓይኑን ማሸቱን አያውቀውምና።

ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ እንጀራ መጋገርና ጭስ ያለበት ማድቤት ይቅር፣ ከባድ ነገርም አይነሣ። ስግደትና ሱጁድ ተቀምጦ አንገት በመድፋት ሊተኩ ይችላሉ። ጠበል ግን ጥንቃቄ ይሻል፦ መጠጣቱ ዓይኑን አይነካም፣ ፊት ላይ መረጨቱ ግን ገና ባልገጠመ ቁስል ውስጥ ውኃ ማስገባት ነውና ለአባቶች ቀድሞ ማስረዳት ይበጃል።

ከሁሉም በላይ የሚፈራው የዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ነው። በንጹሕ ቦታ በሚሠራ ገፈፋ ከሺህ ሰው በአንዱ አካባቢ ወይም ከዚያም ባነሰ የሚከሰት ቢሆንም፣ በሰዓታት ውስጥ ዓይንን ሊያጠፋ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሲሆን መለያው ወደ ኋላ መመለሱ ነው፦ ትናንት ከነበረው ይልቅ ዛሬ ሕመሙ ባሰ፣ መቅላቱ ጨመረ፣ ታይቶ የነበረው ፊት ደበዘዘ፣ ቆቡ አበጠ። በዚህ ጊዜ ማስታገሻ ሰጥቶ ማደር አይገባም፤ ሕክምናው ዓይን ውስጥ የሚወጋ አንቲባዮቲክ ነውና በዚያው ሰዓት ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ። ብልጭታ፣ ድንገት የበዙ ተንሳፋፊ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም በጎን የሚወርድ መጋረጃ የሚመስል ጥላም የሬቲና፣ ማለትም በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ መላቀቅ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠበቅለትም።

ስለ ውጤቱ ሲጠየቅ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በቆየው መለኪያ ከተገፈፉት ቢያንስ 80 በመቶው 6/18 (ጤናማ ዓይን በ18 ሜትር የሚያየውን በ6 ሜትር ማየት) ወይም የተሻለ እይታ ሊኖራቸው ይገባል። ሆኖም ስኳር ሬቲናውን ወይም ግላኮማ ነርቩን ቀድሞ ከጎዳው፣ ሞራው ቢነሣም ያ ጉዳት አይነሣም። ለማንበብ መነጽር ማስፈለጉም ጉድለት አይደለም። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እይታው ሲደበዝዝ «ሞራው ተመልሶ በቀለ» ይባላል፤ የደፈረሰው ግን ሌንሱን የያዘው ከረጢት ሲሆን፣ ያለ ቢላ በሌዘር በደቂቃዎች ይከፈታል።

ከሞራ ገፈፋ ሌላ፣ በትራኮማ ምክንያት ወደ ዓይን ለተቀለበሰ ሽፋሽፍት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ደግሞ ዋና ችግሩ ድጋሚ መቀልበስ ነው። በአማራ ክልል 1,000 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ሁለት የአሠራር ዘዴዎችን ሲያነጻጽር፣ በ12 ወር ውስጥ በአንደኛው 13 በመቶ፣ በሌላኛው 22 በመቶ የሚሆኑት ተመልሶባቸው ነበር። ስለዚህ ስፌቱ ከወጣም በኋላ በየጥቂት ወሩ ታካሚውን ወደ ብርሃን አዙረው የቆቡን ጠርዝ ይመልከቱ፤ አንድም ፀጉር ዓይኑን ሲነካ ካዩ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ።