ጠጠር ላይ የተነጠፈ ግቢ ለምን ይሰምጣል? ችግሩና መፍትሄው

ብዙዎቻችን ግቢያችንን የጀመርነው በጠጠር ነው። ጭቃ ይከላከላል፣ ወጪውም ይቀላል። ግን ወንበር ደልደል ብሎ አይቆምበትም። ቅጠል ሲረግፍበት መጥረግ ያስቸግራል። ልጅ ሲወድቅበት ጉልበቱ ይላጣል።

ጎንደር፣ አዘዞ ያለው የእናቴ ግቢም እንዲሁ ነበር። ለጥምቀት እንግዳ ይመጣል ብለን ታኅሣሥ ላይ ግንበኛ አስገባን። ጠጠሩን ደልድሎ፣ አሸዋ አልብሶ፣ በላዩ የሲሚንቶ ንጣፍ ደረደረ። ጥር 11 ግቢው ሙሽራ መስሎ ነበር። ነሐሴ ላይ እማዬ ቡና ስታፈላ ረከቦቱ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ሲኒዎቹ ተንሸራተው አንድ ጥግ ላይ ተጠራቀሙ። ዝናቡ ሲያባራ፣ ጥቅምት ላይ፣ ሁሉንም አንስተን እንደገና ሠራነው። ያየነውን ልንገራችሁ።

መሃሉ ሰምጦ ውሃ ያቁራል

ዋናው በሽታ ይሄ ነው። ሁለት ንጣፍ በብረት ፈልቅቀን ስናይ አራት ጣት የነበረው አሸዋ አንድ ጣት ሆኗል። የት ሄደ? ጠጠሩ ውስጥ። በጠጠርና በጠጠር መካከል ባዶ ቦታ አለ። ዝናብ ሲወርድ አሸዋውን እያጠበ እዚያ ያስገባዋል፤ ንጣፉም ተከትሎ ይወርዳል።

ከጠጠሩ በታች ደግሞ ዋልካ ነበር። ዋልካ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል። በላዩ ያለው ሁሉ አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። የእናንተ አፈር ዋልካ መሆኑን ለማወቅ እርጥቡን አፈር በመዳፋችሁ መካከል አሽከርክሩት። ሳይበጠስ እንደ ክር ከቀጠነ ዋልካ ነው።

መፍትሄው አንድ ነው፤ ጠጠሩ ይነሳ፣ በምትኩ ገረጋንቲ (ደቃቅና ሻካራ የተቀላቀለበት ድንጋያማ አፈር) ከአሸዋው ስር ይግባ። ቆንጥሮ አሸዋ መጨመር ለአንድ ክረምት ነው የሚያቆየው፤ እኔ አልመክርም። ለእግር ብቻ ለሚሆን ግቢ ንጣፉ 6 ሳንቲ ሜትር፣ አሸዋው 3፣ ገረጋንቲው 15 ያህል ይሁን። ስለዚህ 24 ሳንቲ ሜትር ትቆፍራላችሁ። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ገረጋንቲውን ወደ 25 ወይም 30 አድርሱት። መኪና የሚገባበት ከሆነ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ግዙ።

ገረጋንቲ ጥሩነቱ ደቃቁም ሻካራውም ስላለበት ነው። ደቃቁ የሻካራውን ክፍተት ይሞላል። ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትድፉት። 10 ሳንቲ ሜትር ያህል አፍሱ፣ ውሃ አርከፍክፉ፣ ጠቅጥቁ፣ ከዚያ ሌላውን ደርቡ። የረጠበው ገረጋንቲ ይያያዛል፤ የጨቀየው ግን አይጠቀጠቅም። በተረከዝ ረግጣችሁት ዱካ ካልቀረ ደርሷል። እኛ በዚህ ሥራ ሁለት ቀን ቆየን። ከሁሉም ሥራ የማይቆጨኝ ይሄ ነው።

አሸዋውን ለማስተካከል ሁለት ቱቦ ብረት አጋድማችሁ በላያቸው ቀጥ ያለ ጣውላ ጎትቱ። የተስተካከለው አሸዋ ላይ ማንም እንዳይረግጥ።

ውሃው ወደ ቤቱ ግድግዳ ይመጣል

ይሄ የሚመጣው ተዳፋት ስለሌለው፣ ወይም ተዳፋቱ ስለተገለበጠ ነው። ጎንደር ኮረብታ ላይ ስለሆነች ብዙ ሰው ውሃው ራሱ መንገዱን ያገኛል ይላል። ያገኛል፤ ግን በእናንተ መሠረት በኩል ሊሆን ይችላል።

ከቤቱ ሲርቅ በየአንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ውሃ የሞላበት ግልጽ ጎማ ይበቃል። እኔ አንዱን ጫፍ ግድግዳው ጋ ያዝኩ፣ ወንድሜ ሌላውን አጥሩ ጋ። ውሃው በሁለቱም ጫፍ ሲረጋ በእርሳስ ምልክት አደረግን። ከምልክቱ ወደ ታች ለክተን ሲባጎ ወጠርን። አምስት ሜትር ከሆነ የአጥሩ በኩል 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። የንጣፉ የላይኛው ገጽም ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል መልካም ነው።

አስቀድማችሁ ግን ውሃው ከግቢ ወጥቶ የት እንደሚገባ እዩ። ጎረቤት ቤት ከሆነ ቦይ ይሠራ። ከጎረቤት መቀያየም ከንጣፉ ዋጋ ይበልጣል።

ጠርዝ ላይ ያሉት እየተከፋፈቱ ነው

ደጋፊ የላቸውም። ንጣፍ ተጠባብቆ ነው የሚቆመው፤ ጠርዙ ከለቀቀ ሌላው ተከትሎ ይሄዳል። ዙሪያውን ከርብ ስቶን (የጠርዝ ድንጋይ) ወይም ጥርብ ድንጋይ በኮንክሪት አቁሙ፤ ከጀርባውም ኮንክሪት ይደገፍ። አፈር ብቻ መጠቅጠቅ አይበቃም።

አንዱ ብቻ ሲረገጥ ይወዛወዛል

ከስሩ ያለው አሸዋ አልተስተካከለም። አውጥታችሁ አሸዋውን አስተካክሉና በጎማ መዶሻ መልሱት። ኮብልስቶን ከሆነ የድንጋዩ ውፍረት ስለሚለያይ ይሄ ያጋጥማል፤ አያስደንግጥ።

በመገጣጠሚያው ሳር ይበቅላል

አብዛኛው ዘር ከላይ ነፋስ ያመጣው ነው። ከስር ፕላስቲክ መዘርጋት ዋጋ የለውም፤ እንዲያውም ውሃ አግቶ አሸዋውን ያጨቀያል። ሳሩን ነቅላችሁ፣ ክፍተቱን ጠርጋችሁ፣ ደቃቅ ደረቅ አሸዋ በመጥረጊያ አስገቡ። ደረቅ ይሁን፤ እርጥቡ አፉ ላይ ይቀራል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በየዓመቱ ድገሙት።

ንጣፉ ላይ ነጭ ዱቄት ካያችሁ ከሲሚንቶው የወጣ ጨው ነው። በደረቅ ብሩሽ ይነሳል፣ እየቆየም ይጠፋል።

የወጣው ጠጠርስ?

አትጣሉት። እኛ በአጥሩ ጥግ ጥልቅ ቦይ ቆፍረን እዚያ ሞላነው። ከንጣፉ የሚወርደው ውሃ አሁን እዚያ ይገባል። እማዬ በጠጠሩ ዳር ጤና አዳም ተክላበታለች።