ዊንዶውስ ከሜኑ ሲጠፋ፦ አዲሱን ግራብ እንዴት እንደለመድኩት

ባለፈው ክረምት አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ራሱ በዝናብ ርሶ፣ ጅማ ሂርማታ ያለችው የኮምፒውተር ጥገና ሱቄ ገባ። በርጩማው ላይ ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ ዊንዶውሴ ጠፋ» አለኝ። ከዊንዶውሱ ጎን የጫነውን ኡቡንቱ የሚባል የሊኑክስ ሲስተም ወደ 22.04 አሳድጎ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሜኑው ላይ የሚታየው ኡቡንቱ ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ ያለው ደግሞ ዊንዶውሱ ላይ።

ዊንዶውሱ አልጠፋም፤ የረሳው ግራብ ነው፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የትኛው ሲስተም ይከፈት ብሎ ሜኑ የሚያሳየው ፕሮግራም።

እኔ የድሮ ሰው ነኝ። ያኔ የግራብ ሜኑ የሚጻፍበት «ሜኑ ዶት ኤልኤስቲ» የሚባል ፋይል ነበር። ከፍተህ ትጽፋለህ፣ አለቀ። ኡቡንቱ በ2009 በ9.10 ወደ አዲሱ ግራብ 2 ሲዞር ያ ቀረ። እጄ ግን አልተወውም። አዲሱ ግራብ ሜኑውን የሚያነብበትን «ግራብ ዶት ሲኤፍጂ»ን ከፈትኩና የዊንዶውሱን መስመሮች በእጄ ጻፍኩ። ሠራ። ብሬን ተቀበልኩ።

በሁለት ሳምንቱ ልጁ ተመልሶ መጣ። ከርነሉ፣ ማለትም የኡቡንቱ እምብርት፣ ሲታደስ ግራብ ፋይሉን እንደ አዲስ ጽፎት የኔን ጽሑፍ ጠራርጎታል። ፋይሉ አናት ላይ «ይህን ፋይል አትንኩ» የሚል በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። አይቼው ነው ያለፍኩት።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰኩ፣ መብራታችንን ታውቁታላችሁ። «ኢቲሲ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ «ዲፎልት» የሚባል ፎልደር አለ፣ እዚያ ውስጥ «ግራብ» የሚባል ፋይል ታገኛላችሁ። የምትነኩት እሱን ነው። መጀመሪያ ኮፒ አስቀሩለት። ከዚያ ተርሚናል ላይ በ«ሱዶ ናኖ» (ናኖ የጽሑፍ ማረሚያው ነው፣ ሱዶ የአስተዳዳሪ ፈቃድ) ክፈቱትና ይህን መስመር ጨምሩ፦

ግራብ_ዲሴብል_ኦኤስ_ፕሮበር=ፎልስ

በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፉት፦ GRUB_DISABLE_OS_PROBER=false። ከ«ፎልስ» በፊት ያለው ሁሉ ካፒታል ይሁን፣ «ፎልስ» ግን በትንሹ። በእኩል ይሆናል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አትተዉ። መስመሩ ቀድሞ ካለና ፊቱ ላይ የሃሽ ምልክት ካለበት፣ ሃሹን ማጥፋት ይበቃል።

ኦኤስ ፕሮበር ዲስኩ ላይ ሌላ ሲስተም መኖሩን የሚፈልገው ፕሮግራም ነው። ግራብ በ2021 በወጣው 2.06 ላይ ለደኅንነት ሲባል ይህ ፍለጋ እንዲቆም አደረገ። የልጁ ዊንዶውስ የተረሳው በዚህ ነው። የጨመርነው መስመር «ማጥፋቱን ተው» የሚል ጠማማ አነጋገር ነው፤ እኔም ሁለቴ አንብቤ ነው የገባኝ።

ሴቭ አድርጋችሁ ተርሚናሉ ላይ «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» በሉ። ይህን ካልጻፋችሁ ምንም አይለወጥም። ቅንብሩን አንብቦ ሜኑውን የሚጽፈው ይህ ትእዛዝ ነው። «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» ተገኘ የሚል መስመር ካያችሁ ተሳክቷል። ካላያችሁ፣ አንዱ ሲስተም በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የኮምፒውተር ማስነሻ መንገድ) ሌላው በድሮው ባዮስ መንገድ ተጭኖ እንደሆነ አጣሩ።

የግድ በእጄ ልጻፍ የምትሉት ነገር ካለ፣ «ኢቲሲ» ውስጥ «ግራብ ዶት ዲ» ገብታችሁ «40_ከስተም» መጨረሻ ላይ ጻፉት። እሱን ዝመናው አይጠርገውም። የድሮ ሰዎች ተጠንቀቁ፤ ዲስክ አሁንም ከ0 ይቆጠራል፣ ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍልፋይ) ግን እንደ ድሮው ከ0 ሳይሆን ከ1 ነው የሚጀምረው። የድሮውን ቁጥር እንዳለ ከገለበጣችሁ ሌላ ፓርቲሽን ላይ ታርፋላችሁ።

ለልጁ አንድ ነገር ጨመርኩለት። እዚያው «ዲፎልት» ውስጥ ባለው ፋይል ላይ ግራብ_ዲፎልትን «ሴቭድ»፣ ግራብ_ሴቭዲፎልትን «ትሩ» አደረግሁና አፕዴት-ግራብን ደገምኩ። አሁን ትናንት ዊንዶውስ ከከፈተ ዛሬም ዊንዶውስ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ሁለቴ ዘግቶ ከፍቶ አየው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ለምን እንዲህ አላደረጉልኝም?» አለኝ።

ሻይ አዘዝኩለት።